ጫፋቸው የታጠፈ ካርዶች

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ካርድ ማውጣት ነው። እናንተም ታውቋት ይሆናል፤ በየክሊኒኩ አንዲት አትጠፋም። ትንሽ መስኮት አለቻት፤ ከመስኮቱ ኋላ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ አለ፤ እሷም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ስምህን ትጠይቅሃለች፣ የአባትህን ስም ትጠይቅሃለች፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ ስትላት ደግሞ ትቆጣሃለች። ተቆጥታህ ስታበቃ እጇን ወደ መደርደሪያው ትሰድና ካርድህን ይዛ ትመለሳለች።

ይህችኛዋ በደቡብ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ስሟ ስመኝ ነው። ሐኪሙም በሽተኛውም እትዬ ስመኝ ይላታል። በእጇ አሥራ አንድ ሺህ ካርድ ነበረ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ማለት እኮ ነው፣ ወገኖቼ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ አርባ ሦስቱን ግን ለብቻ ታውቃቸዋለች።

አርባ ሦስቱ ጫፋቸው የታጠፈ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በእናቷ ጀርባ ታዝላ መጣች። ሳል ነበረባት። የፔኒሲሊን መርፌ ተሰጣት። እናትና ልጅ ገና ከግቢው በር ሳይደርሱ የልጅቷ ከንፈር አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ፊቷ ጠቆረ። የዚያን ጊዜው ሐኪም ሮጦ ደረሰ፤ በብዙ ትግል ነፍሷን መለሰላት። ከዚያ በላብ የራሰ ሸሚዙን ሳይቀይር ወደ ካርድ ክፍል መጣና የልጅቷን ካርድ አስወጣ። በላይኛው ቀኝ በኩል ጫፉን አጠፈው፤ በጥፍሩም ጫን ብሎ አሰመረበት።

«ስመኝ» አለ፣ «ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሁሉ ካርዱ እንዲህ ይሁን። ያላየ እንኳ በእጁ ይዳብሰዋል።»

እሷም ያዘችው። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ያዘችው፤ ሁለተኛ ሐኪም መጥቶ ከሄደ በኋላም ያዘችው። ካርድ ሲያረጅ በአዲስ ትተካዋለች፤ ስሙን ትገለብጣለች፣ ቁጥሩን ትገለብጣለች፣ ጫፉንም ታጥፋለች። አዲስ ነርስ በተቀጠረች ቁጥር በመጀመሪያው ቀን መስኮቷ ጋ ጠርታ ታሳያታለች። ካርዱን ስታቀብል ደግሞ «ጫፏ የታጠፈ ናት» ትላለች፤ ሰሚው ይገባዋል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተሳሳተም።

ልብ በሉልኝ ታዲያ። የታጠፈበት ምክንያት በአዲሶቹ ካርዶች ላይ አልተጻፈም። ምን ያስጽፋል? እጥፋቱ አለ፤ እትዬ ስመኝ አለች።

አንድ ቀን ኢዮስያስ የሚባል ወጣት መጣ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ስለ እሱ ክፉ እንድታስቡ አልፈልግም። የራሱን የሁለት ወር ፈቃድ ወስዶ፣ ለእግዚአብሔር ቤት ላገልግል ብሎ ነው የመጣው። ክሊኒኩ ካርድ እየጠፋ፣ ምስጥ እየበላው፣ ዝናብ እያረጠበው ተቸግሮ ነበር፤ ይህ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለ።

ያመጣው ፕሮግራም ራሱ ደግሞ የሚገርም ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ተባብረው የጻፉት የሕክምና መዝገብ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ ቆልፈው አላስቀመጡትም። ማንም ይውሰደው፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ ይየው፣ የጎደለውንም ማንም ይሙላበት ብለው ለዓለም ለቀቁት። እኛ ለጎረቤት ወንፊት ስናውስ እንኳ ሦስት ጊዜ «መልሺልኝ አደራ» የምንል ሰዎች ነን፤ እስቲ ከእነዚህ እንማር።

ኢዮስያስ ፕሮግራሙን ክላውድ ላይ ጫነው። እትዬ ስመኝ በመስኮቷ በኩል አንገቷን አውጥታ ጠየቀችው።

«ካርዶቼን ወዴት ነው የምትወስዳቸው ልጄ?»

«ክላውድ ላይ ነው እትዬ። ደመና እንደ ማለት ነው።»

ወደ ላይ አየች። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ዛሬስ ምንም የለም» አለችው።

እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አስረዳት። ደመና ይባል እንጂ ሩቅ አገር፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ የኪራይ ኮምፒውተር ነው አላት። ክሊኒኩ ቢቃጠል መዝገቡ አይቃጠልም፤ ጎርፍ ቢገባ መዝገቡ አይርስም። በየቀኑ ሌላ ቅጂ ራሱ ያስቀምጣል። የይለፍ ቃል የሌለው ሰው አያየውም። ከዚያ ርቀት እስከዚህ ድረስ የሚጓዘው ቃል ሁሉ በመንገድ ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ ነው የሚጓዘው። እትዬ ስመኝ ሰማችው፤ ደስም አላት። ምስጡን ለብዙ ዓመት ስትታገል የኖረች ሴት ናት።

ከዚያ ቀን በኋላም እንደዚያው ቢቀጥሉ ኖሮ እኔም ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

በሳምንቱ አንድ ወሬ ሰማች። ካርድ ክፍሉ ይዘጋል፣ መደርደሪያው ይነሳል፣ እሷም በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቷት ለበሽተኛ የተራ ቁጥር ታድላለች። የነገራት የክሊኒኩ ኃላፊ አይደለም። ግቢውን የምትጠርገው ሴት ናት የነገረቻት፤ እትዬ ስመኝ ያወቀች መስሏት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበትን ቤት መዘጋት ከሰው ወሬ ሰማች። አንጀቷ ተቃጠለ። ማን አይቃጠልበትም?

በዚህ መሀል ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሁለት ጸሐፊዎች መጡ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቁጥርና የመጨረሻ ሕክምናውን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የካርዱን ልባስ በማሽን ፎቶ ያነሱታል። ማሽኑ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት አይወድም፤ ይጎርሰውና ይታነቃል። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ? ጫፉ የታጠፈ ካርድ ባገኙ ቁጥር በአውራ ጣታቸው ያቃኑታል። አልቃና ያላቸውን ከከባድ መዝገብ ሥር ያሳድሩታል።

እትዬ ስመኝ አየች።

«ኧረ እሱን አታቃኑት» አለቻቸው።

«ማሽኑ እየያዘው ተቸገርን እኮ እትዬ» አለች አንደኛዋ። «ለማንኛውም ጋሽ ኢዮስያስን ይጠይቁት፤ እኛ የታዘዝነውን ነው።»

ሄደች። ኢዮስያስ ኮሪደሩ ላይ በስልክ እየተነጋገረ ነበር። ኔትወርክ ተቋርጦ ሰርቨሩ፣ ያ የሩቁ ኮምፒውተር፣ አልከፍት ብሎታል፤ ጠዋት የጀመረው ሥራ በግማሽ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል። እትዬ ስመኝ ፊት ለፊቱ ቆመች። ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ አንድ ጣቱን አነሣ። አንዴ፣ እንደ ማለት ነው።

ቆመች። ጣቱ እንደ ተነሣ ነው። ንግግሩ ቀጠለ፤ ዞር አለና ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጣቱ አሁንም እንደ ተነሣ ነው። እሷ ቆማለች። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ነበራት መሰላችሁ? አርባ ቀን። አርባ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላታል፤ እሷም እግዚአብሔር ይመስገን ትለዋለች። አንድም ቀን አልነገረችውም። «ከፈለጉኝ ይጠይቁኝ» አለች በልቧ። «የተማሩት እነሱ ናቸው።» አርባ ሦስቱ ካርዶች አንድ በአንድ ሲቃኑ በዓይኗ እያየች፣ አፏን ይዛ ተቀመጠች።

አልፈርድባትም። እኔም ባኮረፍኩበት ቦታ ብዙ ቀን አፌን ይዤ ተቀምጬ አውቃለሁ። እናንተስ?

አሁን ወደ ኢዮስያስ ልመልሳችሁ። ጸሐፊዎቹ የጻፉት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ አለው፤ ሳይመለስለት ማንንም አያስገባም። ይህ ሰው የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ፣ ነው የሚለው። ጸሐፊዎቹ ያን ቦታ ባዶ ትተውታል፤ ከካርዱ ላይ አላገኙትማ። ኢዮስያስ አስገባ ሲለው አሥራ አንድ ሺውንም አልቀበልም አለ። በቀይ ጽሑፍ መለሰለት።

ለጥያቄው ሦስት መልስ ተዘጋጅቶለታል። «አለ» የሚል፣ «የለም» የሚል፣ «አይታወቅም» የሚል።

ኢዮስያስ ደክሞታል። ፈቃዱ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሁሉንም መርጦ በአንድ ጊዜ «የለም» ብሎ ሞላው። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ፤ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ገባ። ጠረጴዛው ላይ እጁን አጣምሮ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ምስጋናውም ከልቡ ነበር።

እስቲ ተመልከቱ። ያ ማሽን እኮ «አይታወቅም» ለምትለዋ ቃል ቦታ ነበረው። ሳይጠይቅ የለም ያለው ሰው ነው።

ሥራው ተመረቀ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ መልካም ነበር። ሰልፉ አጠረ። ካርድ ጠፋ ተብሎ የሚመለስ በሽተኛ ቀረ። አሮጌዎቹ ካርዶች በሣጥን ታሽገው ዕቃ ቤት ገቡ፤ እትዬ ስመኝም ወንበሯን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የድሮዎቹ ነርሶች ጫፋቸው የታጠፉትን ሰዎች ረስተዋቸው አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ገብቷል ብለው ነው። ያው ሁሉም ገብቷል ተብሎ የለ?

በአምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ እያነከሰች መጣች። እግሯን ሚስማር ወግቷት አመርቅዟል። ከእትዬ ስመኝ እጅ አሥራ ሰባት ቁጥርን ተቀበለች። እትዬ ስመኝ ቀና ብላም አላየቻት። ቁጥር ስታድሉ ፊት አይታይማ።

ልጅቷ ሐኪሙ ዘንድ ገባች። ሐኪሙ አዲስ ነው፣ ከተመረቀ ዓመቱ። በደንብ መረመራት። «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ብሎም ጠየቃት፤ አዋቂ ልጅ ነው።

«እንጃ፣ እኔ የማውቀው የለም» አለችው። በአራት ዓመቷ የሆነውን ከየት ታስታውሰው? የምታስታውስላት እናቷ ነበረች፤ እናቷ ደግሞ አፈር ከቀመሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ኮምፒውተሩም የለም አለው። ሁለት ምስክር። ፔኒሲሊን አዘዘላት።

መድኃኒቷን ይዛ መርፌ ክፍል በር ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ የመርፌ ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር ሐመልማል፣ በሩን ከፍታ ስም ጠራች።

«ፋናዬ ላቲሶ።»

እትዬ ስመኝ እጇ ላይ ያለው ቁጥር ሃያ ሁለት ነበር። ለሰው ልትሰጠው ዘርግታዋለች። እጇ እዚያው ቀረ።

ፋናዬ ላቲሶ። በእናቷ ጀርባ። የጠቆረች ፊት። በላብ የራሰ ሸሚዝ። የመጀመሪያዋ የታጠፈች ካርድ።

ዞር ብላ አየቻት። ልጅቷ በእጇ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛለች፤ ነጭ ዱቄት ያለባት፣ ውኃ ተጨምሮ የምትበጠበጠዋን። እትዬ ስመኝ ያቺን ጠርሙስ ለሃያ ስድስት ዓመት ስታልፍ ስታገድም አይታታለች። ልጅቷ እያነከሰች ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

አሁን እትዬ ስመኝ ምን ታድርግ? ልቧ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛው፣ ሁሉም ገብቷል ተብሏል፤ ያውቁታል፤ ምን አገባሽ፣ ቁጥርሽን አድዪ ይላታል። ሌላኛው ግን አርባ ቀን ሙሉ ስትገፋው የኖረችው ነገር ነው። እንዳልገባ ታውቃለሽ፣ ሲያቃኑት አይተሻል፣ ይላታል።

ቁጥሮቹን ወንበሯ ላይ ጥላ ተነሣች። በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው።

ሲስተር ሐመልማል ዱቄቱን በጥብጣ፣ ወደ መርፌው ስባ፣ አየሩን እያወጣች ነበር።

«እትዬ፣ ሰው አለ እኮ» አለቻት።

«አትውጊያት።»

«ምን ሆኑ? ታዞላታል፤ ኮምፒውተሩም ላይ የማይስማማት የለም ይላል።»

«ሐመልማል» አለች እትዬ ስመኝ፤ ድምጿ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ነበር። «ጫፏ የታጠፈ ናት።»

ሲስተር ሐመልማል እዚያ ክሊኒክ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጠየቀችም። መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ምን እንደ ሆነ ሳይገባት ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀች ታይ ነበር።

«እናትሽ ወይዘሮ አማረች አይደለች?» አለቻት እትዬ ስመኝ።

«አዎ። ያውቋታል?»

«አንቺንም አዝላሽ መጥታ ነበር» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ቀየረላት፤ ፋናዬም ታክማ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

ኢዮስያስን በስልክ አስጠሩት፤ በማግስቱ ደረሰ። እትዬ ስመኝ ዕቃ ቤቱን አስከፍታ ሣጥኖቹ መሀል ገባች። መለያ ሳታነብ ከአራተኛው ሣጥን ውስጥ የፋናዬን ካርድ አወጣችለት። ካርዱ ቀጥ ያለ ነው። ጸሐፊዎቹ አሳምረው አቃንተውታል።

«እኔ የተለየ ነገር አላይበትም» አላት።

«በዓይንህ ምን አለህ» አለችው። «ዳብሰው።»

ጣቱን በካርዱ ጫፍ ላይ አስኬደ። ያን ጊዜ አገኘው። ወፍራም ወረቀት ከታጠፈ ቢያቃኑትም መስመሩ አይጠፋም። ጥፍር የተጫነበት ሰንበር እዚያው ነበር።

«ስንት አሉ እንዲህ ያሉ?» አለ።

«አርባ ሦስት።»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ሁሉንም የለም ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ እትዬ» አላት። «ፕሮግራሙ አይታወቅም የሚል ነበረው። እያየሁት ዘለልኩት። ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ መጥቼ ነበር። አንዴ ብለህ ጣትህን አነሣህ።»

አላስታወሰውም። ከሁሉ ያሳፈረው ይኼ ነበር፤ አላስታወሰውም።

«ግን በአንተ አላላክክም» አለች እትዬ ስመኝ። «ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ነበረኝ። ሲያቃኑት እያየሁ ዝም አልኩ። አኩርፌ ነው። ያቺ ልጅ ብትሞት ከገዳዮቿ አንዷ እኔ ነበርኩ።» አለቀሰችም። እሱም አብሯት አለቀሰ።

ነገሩ በዚህ ልቅሶ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ኢዮስያስ አሥራ አንድ ሺውን ሰው በሙሉ ከ«የለም» ወደ «አይታወቅም» መለሰው፤ ለዚያ አምስት ደቂቃ በቃው። ከዚያ ሁለቱ ዕቃ ቤት ቁጭ ብለው ሦስት ቀን ካርድ ዳበሱ። እሷ ስም ትጠራለች፣ እሱ በጣቱ መስመሩን ይፈልጋል፣ ያገኘውን በፕሮግራሙ ላይ ይጽፋል። የማይስማማ መድኃኒት፦ አለ፤ ፔኒሲሊን። በሦስተኛው ቀን ከአርባ ሦስቱ አንዱ በዚያ በአምስት ሳምንት ውስጥ መጥቶ መርፌውን መወጋቱን መዝገቡ ላይ አዩ።

አቶ ኤርጫፎ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ተሯሩጠው ሱቁ ሄዱ። በሩ ክፍት ነው፤ እሱም መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ያስገባል። በሕይወት አለ። ያን ዕለት ግን ቤቱ ሲደርስ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ጎረቤት በባጃጅ ጭኖ ሌላ ሐኪም ቤት አድርሶት በመከራ ነው የተረፈው። ወደ ክሊኒኩ ተመልሶ አልነገራቸውም፤ ቂም ይዞ ቀርቷል።

እትዬ ስመኝ ምንም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረችው። ጣቱን፣ ኩርፊያዋን፣ አርባውን ቀን። ይቅር በለኝ አለችው። ኢዮስያስም የራሱን ነገረው።

ሰውየው የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። የተናገረውን ስሙልኝ።

«እኔስ?» አለ። «ፔኒሲሊን እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። የሚወጉኝ መድኃኒት ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፣ አልተናገርኩምም። ካርዱ ያውቃል ብዬ ነው።»

ካርዱ ያውቃል ብዬ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ያመጣሁት ስለ ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አይደለም። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፣ ማጥፋቱንም ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ያመጣሁት ስለዚህች ቃል ነው። በሽተኛው ካርዱ ያውቃል አለ። ነርሷ ኮምፒውተሩ ያውቃል አለች። እትዬ ስመኝ የተማሩት ያውቃሉ አለች። ኢዮስያስ ደግሞ የማያውቀውን የለም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ ሰው ማን ነው? ማንም። ሰው ሊሞት የነበረው ግን በእነዚህ ደጋግ ሰዎች መሀል ነው።

እኛስ ምን እንላለን? እግዚአብሔር ያውቃል እንላለን። አዎ፣ ያውቃል፤ እኔም የምሰብከው ይህንኑ ነው። ግን ንገሩኝ፣ ይህን ቃል የምንለው አምነን ነው ወይስ ላለመናገር? የጎረቤትህ ቤት ሲታመስ ትሰማለህ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ትላለህ። እህትሽ ከጉባኤ ከቀረች ወሯ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል ትያለሽ። እግዚአብሔርማ ስላወቀ ነው አንተን ከግድግዳው ወዲህ ያስቀመጠህ። ስላወቀ ነው እህትሽን ከአንቺ ጎን ሲያስቀምጣት የኖረው።

እናንተ ተከፍታችሁ ዝም ያላችሁ፣ ለእናንተ እነግራለሁ። በመስኮታችሁ ላይ የተደረገው በደል ነው፤ አልክድም። መጠየቅ ነበረባችሁ፣ አልተጠየቃችሁም። ነገር ግን እናንተ ካኮረፋችሁት ሰው ኋላ አንዲት ፋናዬ ቁጥሯን ይዛ ተቀምጣለች። እሷ ምን አደረገቻችሁ? ተነሡ። በሩን ሳታንኳኩ ክፈቱት።

እናንተ ደግሞ የቤት አባወራዎች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ እኔም ጭምር፤ ለራሳችን እንነጋገር። በቤታችሁ ቅሬታ አለ ወይ ስትባሉ ምን ትላላችሁ? የለም። ሚስትህን ጠይቀሃታል? አልጠየቅሃትም። ልጅህ እራቱን እየተወ የሚነሣው ጠግቦ ነው? አላወቅህም። ታዲያ የለም ያልከው ከየት አምጥተህ ነው? በዚህ ጉባኤ የተከፋ ሰው የለም ብዬ እኔ ራሴ ባለፈው ወር ለሽማግሌዎች ሪፖርት አቅርቤያለሁ። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አይደለም። ወረቀቱ ባዶ አልቀበልም ስላለኝ ነው። ይቅር በሉኝ፤ ያንን ወረቀት ወስጄ አይታወቅም ብዬ አስተካክየዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየቤታችሁ እየመጣሁ እጠይቃለሁ።

አይታወቅም ማለት ነውር አይደለም። የመጠየቅ መጀመሪያው እሱ ነው።

ደግሞ ሰውን በዓይን ብቻ አትመኑት። ብዙዎቻችን ተቃንተን ነው እዚህ የመጣነው። የሰንበት ልብሳችንን ለብሰን፣ ደኅና ነኝ ብለን፣ ቀጥ ብለን ተቀምጠናል። የታጠፍንበት መስመር ግን አለ። እሱን የሚያገኘው ቀርቦ፣ ቀስ ብሎ፣ በእጁ የሚዳብስ ሰው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ያቺን ጣት አስቡልኝ። ኮሪደሩ ላይ አንዴ ብላ የተነሣችው ጣትና ዕቃ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ካርድ የዳበሰችው ጣት አንድ ናት። ያው የኢዮስያስ ጣት ናት። የእናንተም እንደዚሁ ናት። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ሊነግራችሁ ፈልጎ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል፤ ምናልባት ከቆመ ብዙ ጊዜው ነው። ስልኩን አስቀምጡት፤ ጣታችሁንም አውርዱ። «ምን ልትነግረኝ ነበር?» በሉት፤ ከዚያም እስኪጨርስ አድምጡ።